የስሪላንካ ግራ ዘመሞች ሥልጣን ያዙ፤ በ1956 የተነሣው ጥያቄስ?

ቀለም ቆጣሪ (ርዕሱን የከፈተው)

ስለ ደቡብ እስያ ግራ ዘመም ፖለቲካ ሲነሣ ዐይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ህንዷ ኬረላ ወይም ወደ ኔፓል ነው። እኔ ለውይይት ማቅረብ የፈለግሁት ግን ስሪላንካን ነው። በኖቬምበር 2024 በተደረገው የምክር ቤት ምርጫ «ብሔራዊ የሕዝብ ኃይል» የተባለው ጥምረት ከ225 መቀመጫዎች 159ኙን ወሰደ። የጥምረቱ አከርካሪ በ1971 እና በ1980ዎቹ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ጠመንጃ አንሥቶ ሁለቱንም ጊዜ በደም የተደፈቀው ጃናታ ቪሙክቲ ፔራሙና፣ በእኛ አጠራር የሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር፣ ነው። መሪው አኑራ ኩማራ ዲሳናያኬ በ2019 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ያገኙት ድምፅ 3 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ቤተ መንግሥት ገቡ። (ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህን ድል በ2022ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ብቻ የሚያስረዱ ብዙዎች ናቸው። እኔ ወደ ኋላ መሄድ እመርጣለሁ። ላንካ ሳማ ሳማጃ ፓርቲ፣ «የእኩል ኅብረተሰብ ፓርቲ» እንደ ማለት ነው፣ በዲሴምበር 1935 ሲመሠረት ኤን ኤም ፔሬራ፣ ፊሊፕ ጉናዋርዴናና ኮልቪን አር ደ ሲልቫ በለንደንና በአሜሪካ ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። ሕዝቡ ግን ያወቃቸው በጽሑፋቸው አልነበረም። በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ቀን ለእንግሊዝ ጦር ጉዳተኞች መርጃ ይሸጥ በነበረው ቀይ የወረቀት አበባ ፋንታ የአገሩን ቢጫ የሱሪያ አበባ ይሸጡ ነበር። በ1934 እና በ1935 ወባ ገጠሩን ሲያጠፋው ደግሞ ኪኒን ይዘው በየመንደሩ ዞሩ። የሚያዩት ሕመምተኛ ሁሉ የተራበ ስለ ነበር፣ ማርማይት የሚባለውን ከእርሾ የሚሠራ ወፍራም ማባያ በእጃቸው እያድቦለቦሉ ያጎርሱት ነበር። በ1936 ምርጫ ሁለት ወንበር ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በመቃወማቸው ታስረው በኤፕሪል 1942 ከካንዲ እስር ቤት ሲያመልጡ ጠባቂያቸውም አብሯቸው ጠፍቷል። ቀደም ሲል በ1940 የሞስኮን መስመር የሚከተሉትን ጓዶቻቸውን አስወጥተው ስለ ነበር፣ ዋናው የግራ ፓርቲ የትሮትስኪ ተከታይ የሆነበት አገር ሆነ፤ ይህ በዓለም ላይ ብዙም ያልታየ ነገር ነው። በኦገስት 1953 መንግሥት የአንድ መስፈሪያ የራሽን ሩዝ ዋጋ ከ25 ሳንቲም ወደ 70 ሳንቲም ባወጣ ጊዜ «ሀርታል»፣ ማለትም ሱቅ ዘግቶ ሥራ የማቆም አድማ፣ ጠሩ። ሚኒስትሮቹ ከተማው ውስጥ መሰብሰብ አልሆነላቸውም፤ ኮሎምቦ ወደብ በቆመ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ተቀምጠው መከሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ደድሊ ሴናናያኬም ብዙ ሳይቆዩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ይህን ያህል ጉልበት የነበረው ወገን የወደቀው፣ በእኔ እምነት፣ አንድ ጥያቄ፣ የአናሳዎቹን የታሚሎችን የእኩልነት ጥያቄ፣ ጥሎ በመሄዱ ነው። በ1956 የብዙኃኑን ቋንቋ፣ ሲንሃላን፣ ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ የሚያደርገው ሕግ ሲቀርብ ኮልቪን «ሁለት ቋንቋ ከሆነ አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ ከሆነ ሁለት አገር» የሚል መንፈስ ያለው ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነበር፤ ፓርቲያቸውም ሕጉን በመቃወም ድምፅ ሰጠ። በ1964 ግን ያው ፓርቲ ሕጉን ያወጡት ሰው መበለት በሆኑት በሲሪማቮ ባንዳራናይኬ ካቢኔ ገባ፣ የትሮትስኪ ተከታዮች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው አራተኛው ኢንተርናሽናልም አባረረው። በ1972 የወጣው ሕገ መንግሥት ሲንሃላን የመንግሥት ቋንቋነቱን አጸናለት፣ ለቡድሃ ሃይማኖት ቀዳሚውን ሥፍራ ሰጠ፣ ከነፃነት ጀምሮ የነበረውን የአናሳዎች መጠበቂያ አንቀጽ አስቀረ። የሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂ ማን ነበሩ? ራሳቸው ኮልቪን።

እንግዲህ ለውይይት የማቀርበው፣ አሁን በሌላ ፓርቲ ስም የተመለሰው ግራ ክንፍ ያንን ጥያቄ ያነሣዋል ወይስ እርሱም ይረግጠዋል የሚለውን ነው።

ሻይ ቅጠል

የርዕሱን ከፋች አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ነገሩን ከ1956 መጀመርዎ ስምንት ዓመት አስዘልሎዎታል። በደጋው የሻይ እርሻ የሚሠሩት ታሚሎች እንግሊዞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ ህንድ ያመጧቸው ሰዎች ልጆች ናቸው፤ ከሰሜኑ፣ ከጃፍና ታሚሎች፣ የተለየ ታሪክ አላቸው። በ1947 ምርጫ የራሳቸውን ሰባት እንደራሴዎች ከመላካቸውም በላይ በሌሎች ወረዳዎች ለግራ ዘመሞች ድምፅ ይሰጡ ነበር። በማግሥቱ፣ በ1948፣ የዜግነት ሕግ ወጣና ከ700,000 በላይ ሰው አገር አልባ ሆነ፤ የድምፅ መብቱም ተከትሎ ሄደ። ከአገሪቱ ሠራተኞች በብዛትም በመደራጀትም የሚቀድሙት እነርሱ እንደ ነበሩ ካስተዋልን፣ የግራው አንድ እግር ያኔውኑ ተቆርጧል ማለት ነው።

ያኔ ሳማ ሳማጃዎች ሕጉን በጽኑ ተቃውመዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። በ1940 በሙል ኦያ እርሻ በተነሣ አድማ ጎቪንዳን የተባለ ሠራተኛ በፖሊስ ጥይት ሲገደል፣ በአጣሪ ኮሚሽኑ ፊት ለሟቹ ሚስት ጥብቅና የቆሙት ኮልቪን ነበሩ። ታዲያ በጁን 1964 ካቢኔ ገብተው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሲሪማቮ ከህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሻስትሪ ጋር ተፈራረሙ፤ 525,000 ሰው ወደ ህንድ ይሂድ፣ 300,000 ይቅር፣ የ150,000ው ነገር ሌላ ጊዜ ይታያል ተባለ። ሰዎቹን የጠየቃቸው አልነበረም፤ እንደ ጆንያ ሻይ ተቆጥረው ተከፋፈሉ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኤን ኤም ፔሬራ ካቢኔው ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ሒሳብ ሹም

ሁለታችሁም የጻፋችሁት ትክክል ነው፤ የውድቀቱ ምክንያት ግን ይህ አይመስለኝም። ግራ ዘመሞች በ1977 አንድም ወንበር ሳያገኙ ከምክር ቤት የተባረሩት በሲንሃላው ደቡብ ነው፤ የሲንሃላ ገበሬና የወደብ ሠራተኛ ደግሞ የጣላቸው ለጃፍና አዝኖ አይደለም። በ1970 ከራሽኑ የተቀነሰውን ሁለተኛውን መስፈሪያ ሩዝ እንመልሳለን ብለው ተመረጡ። በ1973 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲተኮስ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፣ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ታገደ፣ ለዳቦ ሌሊት መሰለፍ መጣ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ያው በ1953 በሩዝ ዋጋ መንግሥት ያንበረከኩት ፔሬራ ነበሩ። በ1975 ከጥምረቱ ሲባረሩ ያለቀሰላቸው ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የቀኙ ፓርቲ መሪ ጄ አር ጃያዋርደነ መጡና ገበያውን ከፈቱ፤ በጁላይ 1980 አድማ የመቱ 40,000 የሚሆኑ ሠራተኞችን ከሥራ አባረሩ። የሠራተኛ ማኅበራት ጀርባ የተሰበረው በዚያን ቀን ነው። የፓርቲ ታሪክ ስንጽፍ የሕገ መንግሥት አንቀጽ እናገላብጣለን፤ መራጩ ግን የሚያገላብጠው ድስቱን ነው።

ቀለም ቆጣሪ

ሒሳብ ሹም ጥሩ አድርገው ያዙኝ፤ ስለ 1977 የጻፉትን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ አንድ የሚቀር ነገር አለ። በ1953 የተራበ ሰው ወደ ግራ ነበር የሚሄደው፤ በ1977 የተራበ ሰው ወደ ቀኝ ሄደ። በመካከሉ ግራ ዘመሞቹ ከሌሎቹ የሚለዩበትን ነገር አጥተው ነበር።

ለዚህ አንድ ማሳያ ልስጥ። በ1965 ደድሊ ሴናናያኬ በታሚሎች ፌዴራል ፓርቲ ድጋፍ መንግሥት መሥርተው ለታሚል ቋንቋ ጥቂት ቦታ የሚሰጥ ደንብ ሲያመጡ፣ የግራ ፓርቲዎች ከሲንሃላ ብሔርተኞች ጋር አብረው አደባባይ ወጡ። ከዚያ ዘመን የቀረው መፈክር «በደድሊ ሆድ ውስጥ ማሳላ ቫዴ» የሚል ነው። ቫዴ ከተፈጨ ምስር ተድቦልቡሎ የሚጠበስ የታሚሎች መክሰስ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ታሚሎች አብልተው ገዙት ለማለት ነው። ወባ የያዘውን ሁሉ ዘሩን ሳይጠይቁ ያጎርሱ የነበሩ ሰዎች ፓርቲ በሰው ምግብ ሲሳለቅ ማየት ያሳፍራል። ከመፈክሩ በኋላ ደሴቲቱ ላይ ሁለት የሲንሃላ ብሔርተኛ ወገኖች ነበሩ፤ አንዱ ቀይ ባንዲራ ይይዛል፣ ሌላው አይይዝም። መራጩ ደግሞ ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ ሲቀርብለት ርካሹን ይመርጣል።

የድሮ ተማሪ

ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ይህን ክር ሳነብ የራሳችን ነገር እየመጣ አስቸገረኝ። በ1971 ስሪላንካ ውስጥ የሆነውን ስሰማ ተማሪ ነበርሁ። ሞስኮ ሉሙምባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ ያልጨረሰው የሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር መሥራች ሮሃና ዊጄዌራ የገጠር ወጣቶችን እየሰበሰበ «አምስቱ ትምህርቶች» የሚባሉትን ያስተምር ነበር፤ ዕውቀት አለኝ ሥራ የለኝም የሚል ትውልድ ነበር የሚሰማው። ኤፕሪል 5 ሌሊት በመላው አገር የፖሊስ ጣቢያዎችን በአንድ ሰዓት ሊያጠቁ ተቃጠሩ፤ የዌላዋያ ቡድን ግን ቀጠሮውን አሳስቶ ገና ጎሕ ሲቀድ ተኮሰና መንግሥት ነቃ። በእጃቸው የነበረው አብዛኛው የአደን ጠመንጃና በቤት የተሠራ ቦምብ ነው። መንግሥት የሞቱት 1,200 አካባቢ ናቸው አለ፤ ሌሎች ብዙ እጥፍ ያደርጉታል። ያንን መንግሥት አሜሪካም፣ ሶቪየት ኅብረትም፣ ህንድም፣ ፓኪስታንም ረዱት፤ ቻይና ሳትቀር ደገፈችው። ካቢኔው ውስጥ ደግሞ ሳማ ሳማጃዎችና ኮሚኒስቶች ተቀምጠው ነበር።

በዕድሜ የገፋው ግራ ዘመም መንግሥት ውስጥ ሆኖ ወጣቱን ግራ ዘመም ሲያስጨፈጭፍ ስታዩ፣ ሂሳዊ ድጋፍ ያለው መኢሶንና ኢሕአፓ ትዝ አይሏችሁም?

ቀለም ቆጣሪ

አባታችን፣ ትዝ ይለናል፤ ሆኖም ይህ ክር ወደዚያ ከሄደ አይመለስም። አንድ ልዩነት ብቻ ላንሣ። እነ ፔሬራ በምርጫ ገቡ፣ በምርጫ ወጡ፤ ዊጄዌራም ከእስር ተፈትቶ በ1982 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሯል። የእኛዎቹ የገቡበት መንግሥት የድምፅ ሳጥን አልነበረውም።

ደግሞም የሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር በታሚሎች ጉዳይ ከአሮጌዎቹ የተሻለ እንዳልነበረ መነገር አለበት። ከአምስቱ ትምህርቶች አንዱ «የህንድ መስፋፋት» የሚል ነበር፤ የሻይ እርሻ ሠራተኞችን የህንድ መሣሪያ አድርጎ ያይ ነበር። በ1987 ህንድና ስሪላንካ ተስማምተው ለታሚሎች መፍትሔ ይሆናል የተባለው የክፍለ ሀገር ምክር ቤት ሲቋቋም፣ ግንባሩ ሁለተኛውን ጦርነት የከፈተው ያንን ተቃውሞ ነው። ስምምነቱን የደገፉ ግራ ዘመሞችን ገደለ፤ በፌብሩዋሪ 1988 በደጁ ላይ የተገደለው ተወዳጁ ተዋናይና ፖለቲከኛ ቪጃያ ኩማራቱንጋ ከእነዚህ አንዱ እንደ ሆነ በሰፊው ይታመናል። መንግሥትም በበኩሉ ወጣቱን በአሥር ሺዎች ጨረሰው፤ ዊጄዌራ በኖቬምበር 1989 ተይዞ ተገደለ። ዲሳናያኬ በ2014 የፓርቲ መሪ ሲሆኑ ስለዚያ ዘመን በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ በታሪካቸው አዲስ ነገር ነው።

የዶሃ ፈረቃ

ጸሐፊ አይደለሁም፤ አንብቤ ማለፍ ነበር ሐሳቤ። የምሠራው ዶሃ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ነው፤ ፈረቃዬ ላይ ሁለት የስሪላንካ ልጆች አሉ። አንዱ ከኩሩኔጋላ የመጣ ሲንሃላ፣ ሌላው ከሃቶን አካባቢ፣ ከሻይ እርሻ፣ የመጣ ታሚል። በጁላይ 2022 ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ አገር ጥለው ሲሸሹ፣ ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገብቶ በመዋኛ ገንዳው ሲዋኝ የሚያሳየውን ቪዲዮ ሁላችንም ሽንኩርት እየላጥን በአንድ ስልክ አየነው። የኩሩኔጋላው ልጅ እየሳቀ ለሁላችን ሻይ ቀዳ። የሃቶኑ ልጅ ግን ዝም አለ። ምነው ስለው፣ «እኛ ብንሆን ገንዳው አጠገብ ሳንደርስ ተኩሰው ይጨርሱን ነበር» አለኝ።

ጓደኛው ሰምቶት ነበር። ትንሽ ቆይቶ፣ ስልኩ ላይ ያስቀመጠውን የሜይ 18 ፎቶ አሳየው፤ ኮሎምቦ ውስጥ በጎል ፌስ አደባባይ ተቃዋሚዎቹ በ2009 ባበቃው የእርስ በርስ ጦርነት መጨረሻ ለሞቱት ታሚሎች መታሰቢያ አድርገው ካንጂ፣ ያችን በጦርነቱ ጊዜ ሰዎቹ የኖሩባትን ቀጭን የሩዝ ገንፎ፣ ሲያከፋፍሉ። ሲንሃላዎች በኮሎምቦ መካከል ተሰልፈው ሲጠጡ። የሃቶኑ ልጅ ፎቶውን አስፍቶ ብዙ ጊዜ አየው።

ሻይ ቅጠል

ወንድሜ፣ ጸሐፊ አይደለሁም ብለው ከሁላችን የተሻለ ጻፉ። ሰሜኑ በዚያ ተቃውሞ በቁጥቡ ነበር የተሳተፈው፤ የሃቶኑ ልጅ የተናገረውን ብዙ ታሚል ተናግሮታል። ለዚህ ነው የኖቬምበር 2024 ውጤት ያስደነቀኝ፤ ጥምረቱ ከ22 የምርጫ ክልሎች በ21ዱ ሲቀድም፣ ጃፍናም ከስድስቱ ወንበሮች ሦስቱን ሰጥቶታል። ከዚያ በፊት የደቡብ ፓርቲ በዚያ አልቀደመም። ሻይ እርሻው በሚገኝበት በኑዋራ ኤሊያም ጥምረቱ ቀድሟል።

ይሁንና ይህን ድምፅ የተሰጠ ብድር አድርጎ ማየት ይሻላል። በሜይ 2025 የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ የጥምረቱ ድርሻ ከ61 በመቶ ወደ 43 በመቶ ገደማ ወረደ፤ በሰሜን የታሚሎቹ የራሳቸው ፓርቲ ቀደመ።

ሒሳብ ሹም

ስለ መጪው ጊዜ ከተነሣ፣ ከቋንቋው በፊት የሚመጣው ዕዳው ነው፤ በዚህ አቋሜን አልለቅም። ስሪላንካ በኤፕሪል 2022 የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቆመች፤ በማርች 2023 አይ ኤም ኤፍ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ፈቀደላት፣ በምትኩ ከ2025 ጀምሮ መንግሥት ወለድ ሳይቆጠር ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 2.3 በመቶ የሚሆን ትርፍ በየዓመቱ እንዲያሳይ ተስማማች። ዲሳናያኬ ሲወዳደሩ ስምምነቱን እንደገና እንደራደራለን ይሉ ነበር፤ ከተመረጡ በኋላ ግን የቀድሞው መንግሥት የጀመረውን የዕዳ ሽግሽግ በዲሴምበር 2024 በዚያው መንገድ ጨረሱት። ይህን የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም። እኛም በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀርተን በ2024 ያው በር ላይ ስለ ቆምን፣ በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ እናውቀዋለን። ነገር ግን የማርክስ ሥዕል ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ፓርቲ 2.3 በመቶ እየቆጠበ ለሻይ ለቃሚዋ የተጠየቀላትን 1,700 ሩፒ የቀን ደመወዝ ከየት እንደሚያመጣ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ በደስታ አነባለሁ።

ቀለም ቆጣሪ

ለዚህ መልስ የለኝም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ገንዘብ የማይጠይቁ ሁለት ነገሮችን እያየሁ ነው የምፈርደው። አንደኛው በ1979 የወጣውና ለዐሠርት ዓመታት ታሚሎችን ያለ ክስ ያሳሰረው የፀረ ሽብር ሕግ ነው፤ ጥምረቱ እሽረዋለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ሁለተኛው የክፍለ ሀገር ምክር ቤቶች ናቸው። የምክር ቤቶቹ ዘመን ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ምርጫ ሳይደረግ በገዢ ነው የሚተዳደሩት። እንግዲህ ምፀቱን ተመልከቱ፦ ግንባሩ በ1987 ጠመንጃ ያነሣው እነዚህ ምክር ቤቶች እንዳይኖሩ ነበር፣ በ2006 ተዋህደው የነበሩት የሰሜንና የምሥራቅ ክፍለ ሀገሮች እርስ በርስ እንዲለያዩ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደው እርሱ ነው፤ አሁን የምርጫ ቀን ቆርጦ ሥልጣን የሚሰጣቸው ወይም የሚነፍጋቸው ደግሞ ራሱ ሆኗል። ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወንበር ስላለው «ተቃዋሚ ከለከለኝ» የሚል ምክንያት አይኖረውም። ኮልቪንም በ1972 እንዲሁ ሁለት ሦስተኛ ነበራቸው።

የዶሃ ፈረቃ

ትናንት ማታ ከፈረቃ ስንወጣ የሃቶኑን ልጅ ስለዚህ ክር ነግሬው ነበር። ውጭ አገር ያለ ሰው መምረጥ ስለማይችል እርሱ አልመረጠም፤ እናቱ ግን ኮምፓሱን፣ የጥምረቱን ምልክት፣ መምረጣቸውን ነገረኝ። ለምን ብሎ በስልክ ሲጠይቃቸው፣ «ሌሎቹን ሁሉ አይተናቸዋል» አሉት። አያቱ ህንድ ይሂዱ ከተባሉት 525,000ዎቹ ውስጥ ነበሩ፤ ተደብቀው ቀሩ። ቤተሰቡ እስካሁን የሚኖረው እንግሊዞች ለለቃሚዎች በሠሩት ረጅም ቤት ውስጥ በአንዲት ክፍል ነው፤ ከዶሃ በሚልከው ገንዘብ ወለሉን ሲሚንቶ አስደርጎላቸዋል። ግድግዳውን ሊያፈርስና ሊያሰፋ ሲል ግን የእርሻው ኩባንያ ከለከለው፤ ቤቱም መሬቱም በስማቸው አይደለም።